«ተቃጥሏል» ያልናቸው ፎቶግራፎች

(ይህ ጽሑፍ ለማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል በተዘጋጀው የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ መክፈቻ ላይ፣ ኦስሎ ውስጥ፣ ለአባላት የቀረበ ንግግር ነው። — አዘጋጆቹ)





የዝግጅት ኮሚቴው «አሮጌ ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ስለሚታደስበት መንገድ ግማሽ ሰዓት ተናገርልን» ሲለኝ፣ በመጀመሪያ «ይህስ ለወጣቶቹ ይሰጥ፤ እኔ ኮምፒዩተር የተማርኩት በስተርጅና ነው» ብዬ ነበር። ኋላ ግን ለዐውደ ርእዩ ከየቤታችሁ የተሰበሰበውን ፎቶግራፍ ሳይ ሐሳቤን ለወጥኩ። በየፖስታው ላይ «ይቅርታ፣ ይህ ተቃጥሏል» ወይም «ይህ ባይሰቀልም ግድ የለም» የሚል ማስታወሻ በዝቶ አገኘሁ። ግድ የለም የተባሉትን ነው ዛሬ ላነሣላችሁ የመጣሁት።

«ተቃጠለ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው የፎቶ ቤት ቋንቋ ነው። ፊልሙ ብርሃን ሲበዛበት፣ የካሜራው ክዳን ያለጊዜው ሲከፈት፣ ወይም ፍላሹ ከአፍንጫ ሥር ሲበራ ፊት እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ያን ጊዜ «ተቃጠለ» እንላለን። ሁለተኛው የእሳት መቃጠል ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ የነበረ ሰው ይህን ሁለተኛውን ያውቀዋል። ለአሰሳ የመጡ ሰዎች አልበም ገልጠው «ይህ ማነው? ይህስ?» ማለታቸው አይቀርምና፣ ከአንድ ተፈላጊ ልጅ ጎን ቆሞ መነሣት ብቻውን ጣጣ ያመጣ ነበር። እናቴ አንድ ማታ የቤታችንን አልበም ይዛ ማድ ቤት ገባች። የሠርጉን፣ የክርስትናውን፣ የትምህርት ቤቱን ፎቶግራፍ አንድ በአንድ እየነቀለች ከምጣዱ ሥር ከተተችው። ጠዋት ስንነሣ የተረፉት ሦስት ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ ታላቅ ወንድሜ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቆሞ የተነሣው ነው። ያንን ለምን እንደተወችው ስጠይቃት «ፊታቸው አይለይም፤ ተቃጥሏል» አለችኝ።

ወንድሜ ያንን ዓመት አልተሻገረም። ስለዚህ እኔ ብርሃን የበዛበትን ፎቶግራፍ እንደ ብልሹ ዕቃ ማየት አይሆንልኝም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በመስቀል አደባባይ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ግድግዳው የሟቾች ፎቶግራፍ ነው፤ ብዙው ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ለመታወቂያ ወይም ለትምህርት ቤት ቅጽ ተብሎ የተነሡት፣ የአውራ ጣት ታህል የነበረች ወረቀት ለቤተሰቡ የቀረችው እርሷ ብቻ ሆና፣ ተገትታ ተገትታ ግድግዳ ላይ ወጥታለች። የወንድሜ እዚያ የለም። ወደ እሱ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሙያው ልግባ። በ1972 ዓ.ም. ገደማ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ በረዳትነት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ውሃ መቅዳት፣ ወረቀት ማድረቅና ደንበኛ ሲመጣ ከተሳለው ፏፏቴ ፊት ወንበር ማስተካከል ነበር። ባለቤቱ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ተቀምጠው፣ ጫፉ እንደ መርፌ በሾለ ጠንካራ እርሳስ ነጌቲቩ ላይ ይሠራሉ። የሙሽራዋን የብጉር ምልክት፣ ከዓይን ሥር ያለውን ጥላ በነጥብ በነጥብ ይሸፍኑታል። ነጌቲቭ ላይ እርሳስ የነካው ቦታ ሲታተም ነጣ ብሎ ይወጣል። ይህን ሥራ «ሪታች» እንለው ነበር። ዛሬ «ኮምፒዩተር ፎቶ ያታልላል» የሚሉ አባቶቻችን፣ የራሳቸው የሠርግ ፎቶግራፍ ስንት የእርሳስ ነጥብ እንዳለበት ቢያውቁ ይስቁ ነበር።

ፎቶግራፍ ወደ አገራችን የገባው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች አስከትሎ ነበር። በአጼ ምኒልክ ጊዜ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 ያለውን ሰብስበውታል። እነዚያ የነገሥታትና የመኳንንት ናቸውና ጠባቂ አላቸው። የእኛው፣ የተራው ሰው ፎቶግራፍ ግን የሚኖረው በብስኩት ቆርቆሮ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ መካከል፣ ወይም ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ነው። የምንኖርባት ኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቷ ያለውን ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ወደ ዲጂታል እየለወጠች፣ ዋናውን ደግሞ ሞ ኢ ራና ላይ ተራራ ፈልፍላ አስቀምጣለች። እኛ ተራራ የለንም። ሻንጣ አለን።

ለምንድነው የእኛ ሰው ፎቶግራፍ ብርሃን የሚበዛበት? በዕድል አይደለም። የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ሌሊት በድንኳን ወይም በሰፊ አዳራሽ ሠርግ ሲነሣ፣ ከጀርባ ያለውን ጨለማ ያይና «ብርሃን አነሰኝ» ብሎ ፍላሹን በኃይል ይለቀዋል፤ ጨለማው ጨለማ እንደሆነ ይቀራል፣ ከፊት የቆመችው ሚዜ ግን ትነጣለች። ቀን ከሆነ ደግሞ ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት ባንድ ላይ ናቸው። አንሺው ለፊት ቢያስብ ነጠላው ጥለቱ ሁሉ ይጠፋል፤ ለነጠላው ቢያስብ ፊት ይጨልማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናትና የእኩለ ቀን ፀሐይዋን ታውቋታላችሁ። በዚህ ላይ የፊልም ኩባንያዎቹ አሉ። ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ ብሎ ለረጅም ዓመታት የላከው ናሙና የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ነበር፤ በመጀመሪያዋ ሴት ስም «የሸርሊ ካርድ» ይሉታል። ሸርሊ ካማረች ሥራው ተጠናቀቀ ማለት ነው። የእኛ መልክ በዚያ ሒሳብ አልተቈጠረም ነበር።

እዚህ አገር ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የመጀመሪያውን ክረምት በረዶ ላይ ቆማችሁ ተነሥታችሁ ወደ አገር የላካችሁትን አስታውሱ። ካሜራው በረዶውን አይቶ «ብርሃን በዛ» አለና ፊታችንን ከሰል አደረገው። እናቴ «ልጄ ጠቆረ፣ ብርዱ ነው» ብላ እንዳለቀሰች ኋላ ሰማሁ።

ማንኛውንም ፎቶግራፍ ከመንካታችሁ በፊት በእውነት የተቃጠለ መሆኑን ለዩ። ብርሃን የበዛበትና ዕድሜ ያደበዘዘው አንድ አይደሉም። ጠጉሩና ጥቁር ኮቱ ጥቁር እንደሆኑ ፊቱ ብቻ ከነጣ፣ ብርሃን በዝቶበታል። ጥቁሩም ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ሁሉም ነገር አብሮ ከፈዘዘ፣ ያ የፀሐይ፣ የጭስና የጊዜ ሥራ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. የታተሙ ባለቀለሞች ደግሞ ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም ቀድሞ ስለሚሞት ወደ ቀይ ያዘነብላሉ። የደበዘዘው ይቀላል፤ ያለው ነገር ተራርቆ እንዲታይ ማድረግ ነውና። አስቸጋሪው የተቃጠለው ነው።

ኮምፒዩተር ፎቶግራፍን የሚያየው በቍጥር ነው። ድፍን ጥቁር 0 ነው፣ ድፍን ነጭ 255 ነው። ዓይናችን 240ንም 250ንም «ነጭ» ብሎ ያልፋቸዋል፤ ማሽኑ ግን በመካከላቸው 10 ደረጃ እንዳለ ያውቃል። የጠፋው ጉንጭ ያለው እዚያ 10 ደረጃ ውስጥ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፎቶግራፉን ስካነር ላይ አድርጎ የፊቱን ቍጥር ከወረቀቱ ዳር ካለው ነጭ ጠርዝ ቍጥር ጋር ማወዳደር ነው። ፊቱ ከጠርዙ ጥቂት እንኳ ካነሰ፣ ነገር አለ። እኩል ከሆነ ባዶ ወረቀት ነው። ሊጥ ካለ እንጀራ ይጋገራል፤ ሊጥ ከሌለ ምጣዱን ብታግሉት የሚወጣው ጭስ ነው።

ስካነሩን በተመለከተ ሦስት ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። «አስተካክልልኝ» የሚለውን ቁልፍ አጥፉት፤ ስካነሩ በራሱ ፈቃድ አብርቶ ያንኑ 10 ደረጃ ይበላዋል። የፖስታ ካርድ ለሚያህል በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ ለጉርድ 1200 ነጥብ ይበቃል፤ ማሽኑ ከፈቀደ ደግሞ በ16 ቢት አንሡት፣ ከ256 ደረጃ ይልቅ ከ65 ሺህ በላይ ታገኛላችሁና። የምታስቀምጡትም በቲፍ ይሁን። ጄፔግ በታደሰና በተቀመጠ ቍጥር ጥቂት ጥቂት ይጥላል። ያ የመጀመሪያው ፋይል ከዚያ ወዲያ አይነካም፤ ለምን እንደምል ወዲያው ትሰሙታላችሁ።

ፕሮግራሙ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ፎቶሾፕ የሁለት ወንድማማቾች፣ የቶማስና የጆን ኖል ሥራ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ወጣ። ጊምፕ የሚባለውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለት የበርክሌይ ተማሪዎች ጀመሩት፤ እሱ እስከ ዛሬ በነጻ ነው። እኔ የምሠራው በእሱ ነው። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ፎቶግራፉን በራሱ ላይ ደግማችሁ ታነጥፉታላችሁ፤ ይህን ንጣፍ «ሌየር» ይሉታል። ከዚያ የላይኛው ከታችኛው ጋር እንዲባዛ፣ «መልቲፕላይ» የሚለውን ታዛላችሁ። ቍጥሩን ብትከተሉት ደስ ይላል፤ 250 የነበረው 245 ይሆናል፣ 240 የነበረው 226 ይሆናል። በመካከላቸው 10 የነበረው ርቀት 19 ሆነ ማለት ነው። ዓይን ያላየችው ጉንጭ፣ ጥላ፣ የነጠላ እጥፋት ብቅ ይላል። 255 የነበረው ግን ምንም ቢባዛ 255 ነው።

ችግሩ ጠጉሩም ኮቱም አብረው መጨለማቸው ነው። ለዚህ «ማስክ» አለ፤ ላይኛው ንጣፍ ላይ ጭንብል አድርጋችሁ፣ መጨለም የሌለበትን በለስላሳ ጥቁር ብሩሽ ትሸፍኑታላችሁ። የእኔ ጌታ በእርሳስ ያደርጉት የነበረውን ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ሲሳሳቱ ይመለሳል። አትቸኩሉ። ለአንድ ፊት ሁለት ማታ ብትሰጡ አይበዛም። የኦስሎ ክረምት ለዚህ ጥሩ ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምን ሥራ አለ?

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለፈው ዓመት አንዲት እኅታችን የእናቷን ፎቶግራፍ አመጣችልኝ። ያላት እሱ ብቻ ነው። እናትየው በፀሐይ ቆመው ተነሥተው ፊታቸውም ነጠላቸውም አንድ ሆኗል፤ ወረቀቱም ተጫጭሯል። ከላይ እንደነገርኳችሁ አደረግሁና ፊቱ መለስ አለ፣ ደስም አለኝ። ከዚያ ጭረቱን ማጽዳት ጀመርኩ። ግንባሩ ላይ ሐመር ያሉ ሁለት ጭረቶች ተሻግረው ነበር፣ አጠፋኋቸው። አንገቱ ላይ በረድፍ የተሰበጣጠሩ ነጠብጣቦች ነበሩ፣ የሻጋታ ምልክት መስለውኝ እነሱንም አጠፋሁ። አትሜ በክፈፍ አድርጌ ሰጠኋት። ለብዙ ጊዜ አየችው። ኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ የእማዬ መስቀልስ?» አለችኝ።

የግንባር መስቀላቸው ነበር። የአንገታቸው ንቅሳት ነበር። እኔ፣ የራሴ አያት ንቅሳት ያላት ሰው፣ የሰው እናት ንቅሳት እንደ እድፍ አጥቤ ሰጠሁ። ብርሃን የበዛበት ፎቶግራፍ ላይ ንቅሳት ከጭረት እንደማይለይ ማወቅ ነበረብኝ፤ ቢያንስ መጠየቅ ነበረብኝ። ያተረፈኝ ያልተነካው የመጀመሪያ ፋይል መኖሩ ነው። ከእሱ እንደገና ጀመርኩ፤ በዚህ ጊዜ እርሷን አጠገቤ አስቀምጬ፣ «ይህስ? ይህስ?» እያልኩ። በመሐል «ቆይ፣ ይሄ ጭረት አይደለም፣ ውሻ የነከሳት ነው» እያለች ስትናገር፣ የእናቷን ታሪክ ከልጅነት እስከ ሞት ሰማሁ። ፎቶግራፉ ከበሩ በስተቀኝ ተሰቅሏል፤ ነጭ ጭረት ጥቂት ቀርቶበታል፣ ሁለታችንም እርግጠኛ ያልሆንባቸው ናቸው።

ወጣቶቹ «ይህ ሁሉ ምን ያደክማል፣ ስልኩ በአንድ ጊዜ ያድሰው የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አውቀዋለሁ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ያድሳል። ነገር ግን የጠፋውን ፊት አያገኘውም፤ እጅግ ብዙ ፊት አይቷልና «እዚህ ቦታ ላይ ምን ዓይነት ዓይን ይኖራል?» ብሎ ገምቶ ይስላል። የወንድሜን ፎቶግራፍ የልጄ ልጅ በስልኳ አድሳ አመጣችልኝ። በጣም ያምራል። ከንፈሩ፣ ጥርሱ፣ ሽፋሽፍቱ ሁሉ አለ። ማን እንደሆነ ግን አላውቀውም። ልጅቷን ላለማሳዘን «እግዜር ይስጥሽ» ብዬ ተቀበልኩ። የሚያስፈራኝ እሷ ሃምሳ ዓመት ሲሞላት፣ እኔም ስሞት፣ «ይህ የአያቴ ወንድም ነው» ብላ ያንን የማላውቀውን ልጅ ለልጆቿ ታሳያለች። እንደዚያ ያለውን የምትሠሩ ከሆነ፣ እባካችሁ ከሥሩ «በማሽን የተሳለ» ብላችሁ ጻፉ።

ስለ ነጌቲቭ ሳልናገር ባልፍ ጌታዬ ከመቃብር ይቈጡኛል። ነጌቲቭ ላይ ብርሃን የበዛበት ቦታ አይባዛም፣ አይጠፋም፣ ይጠቁራል። ማተሚያው ያንን ጥቁር ዘልቆ ማለፍ አቅቶት ወረቀቱን ነጭ አድርጎ ተወው እንጂ፣ ፊቱ ብዙ ጊዜ ነጌቲቩ ውስጥ አለ። ስለዚህ አገር ቤት ያሉ ወገኖቻችሁን «ፎቶውን ላኩልኝ» ከማለት ይልቅ «ፎቶው የታጠበበት ፊልም አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በየቤቱ ቡናማ የሆነውን ፊልም ልጆች የፀሐይ ግርዶሽ ሊያዩበት ቆራርጠውታል፤ የተረፈው ግን ወርቅ ነው።

ስላይድ የዚህ ተቃራኒ ነው። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን እ.ኤ.አ. በ1948 ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ ሲዳሞን፣ ይርጋለምን የሚያውቅ የኖርዌይ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ ባለቤታቸው እዚያ ያነሡትን ሁለት ሣጥን ስላይድ አሳይተውኛል። ኮዳክሮም ነበርና በጨለማ ተቀምጦ ቀለሙ ትናንት የተነሣ ይመስላል። ብርሃን የበዛባቸው ግን መስታወት ሆነዋል፤ የገበያ ሰው ቆሞበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው፣ ምንም አይወጣም። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ ሣጥን ያላቸው ጎረቤቶች ካሏችሁ ቡና ጥሩአቸው። እዚያ ሣጥን ውስጥ የማን እናት እንዳለች አይታወቅም።

ከክፈፍ መስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶግራፍ እንዳትላቅቁ፤ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ስካነር ላይ አድርጉት። በውሃም በምራቅም አታጽዱ። ጀርባውንም አንሡት፤ «ለማስታወሻ» የሚለው ጽሑፍ፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ቀኑ ያለው እዚያ ነው።

የወንድሜ ፎቶግራፍ ነጌቲቭ የለውም። የወረቀቱን ጠርዝ ለካሁት፤ 251 ነው። የሁለቱ ጓደኞቹ ፊት ድፍን 251 ነው፣ አንድ ነገር የለም። የወንድሜ ፊት ግንባሩና ቀኝ ጉንጩ 251 ነው። ከግራ ጆሮው ወደ አፉ ባለው በኩል ግን 246፣ 243፣ አንድ ቦታ ላይ 238 አገኘሁ። ሦስት ጊዜ ንጣፍ በንጣፍ አባዛሁት። ጆሮው መጣ። የግራ ቅንድቡ መጣ። የአፉ ጥግ መጣ፤ ሊስቅ ሲል በአንድ ወገን ከፍ የምትለው። ሌላውን ነጭ እንደሆነ ተውኩት። እናቴ በሕይወት ሳለች በስልክ ላኩላትና እኅቴ አጉልታ አሳየቻት። «አፉ ነው» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ከበሩ በስተግራ፣ ከማሞቂያው በላይ ያለው እሱ ነው። ስካነሩን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከቡናው በኋላ እዚያ ጥግ ጠረጴዛው ላይ አለሁ፣ «ተቃጥሏል» ብላችሁ በቦርሳችሁ የያዛችሁትን አምጡልኝ። ቡናው ቀርቧልና በዚሁ ላብቃ።